የመስቀል ቅዳሜና እሁድ በግቢ፦ ደሴ ላይ ከትንንሽ ልጆች ጋር

«ለመስቀል የት ናችሁ?» መስከረም ከገባ ደሴ ላይ ሰው ሲገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠያየቀው ይኼን ነው። ግማሹ ሐሳቡ ግሸን ነው። ንግሡ መስከረም 21 ስለሆነ ከመስቀል ጋር አያይዞ ይወጣል። ከሩቅ የሚመጣውም ምዕመን ብዙው በእኛ ከተማ በኩል ነው ወደ አምባሰል የሚያልፈው። የቀረው ሰው ደግሞ ወላጆቹ ጋ፣ ገጠር ይወርዳል። በዚያ ሰሞን መናኸሪያው ሕፃን ይዞ የሚገባበት አይደለም። ስለዚህ እኛ ያለፉትን ሁለት መስቀሎች የትም አልሄድንም። ግቢያችን ውስጥ ነበርን።

ሦስት ልጆች አሉን። ትልቁ ስምንት ዓመቱ ነው፣ መካከለኛዋ ስድስት፣ ትንሹ ሦስት ሊሞላው ነው። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ጉድ ሆኛለሁ። እንደ አስተማሪ በወረቀት ፕሮግራም ጻፍኩ። ከ3 እስከ 4 ሰዓት ሥዕል፣ ከ4 እስከ 5 ጨዋታ፣ ከዚያ መክሰስ። እስከ 3 ተኩል እንኳ አልዘለቀም። ለአጥሩ ልስን የመጣ አንድ ጋሪ አሸዋ ነበር፤ እዚያ ላይ ሰፈሩ። ትንሹ ሳይቀር በዳዴው ደረሰባቸው። የገዛሁት ቀለም ፀሐይ ላይ ደረቀ። ከሰዓት በኋላ አባታቸው የደመራ እንጨት መጎተት ሲጀምር ግን አሸዋውን ጥለው ተነሡ። «እኔ ልያዝ! እኔ ልያዝ!» ግቢው ቀውጢ ሆነ።

ያኔ ገባኝ። ትንሽ ልጅ የሚፈልገው ፕሮግራም ሳይሆን እውነተኛ ሥራ ነው። ለግማሽ ቀን አንድ ሥራ ይበቃዋል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ «አሁን ምን እንጫወት?» የሚለው አዋቂ ዘወር ቢልለት ደስ ይለዋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተሠራው በዚህ ሐሳብ ነው።

መስከረም 17 በ2018 ቅዳሜ ነበር የዋለው። በ2019 እሁድ ይውላል፤ ደመራው ቅዳሜ ማታ ነው ማለት ነው። እኔ የምጽፈው በዚህ ልክ፣ ከዓርብ ከሰዓት እስከ እሁድ ማታ ላለው ጊዜ ነው። በዓሉ ሌላ ቀን ላይ ሲውል እናንተ አሸጋሽጉት።

ከሳምንት በፊት፦ ግቢውን በእንብርክክ ዙሩት

ቀልድ አይምሰላችሁ። አሮጌ ሱሪ ልበሱና በእንብርክካችሁ ከበሩ ጀምራችሁ ዙሩ። እኔ ስዞር ያገኘሁት የመጀመሪያው ነገር ከአጥሩ እንጨት ወደ ውስጥ የወጣ ሚስማር ነው። ቆሜ ሳልፍ ጉልበቴ አጠገብ ነበር፣ አንድም ቀን አላየሁትም። ተንበርክኬ ሳየው ልክ የትንሹ ዓይን ቁመት ላይ ነው። በመዶሻ መታሁት፣ ልቤ ግን እስኪመለስ ትንሽ ቆየ።

ክረምቱ ሲወጣ ግቢው የሚደብቀው ብዙ ነው። አጥር ሥር ሳማ ይበቅላል። በጓንት ወይም እጃችሁን በፌስታል ጠቅልላችሁ ከነሥሩ ንቀሉት። ጉሎ ካለ ፍሬውን ሁሉ ልቀሙ። ዝንጉርጉርና የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ልጅ ዶቃ ይመስለዋል፤ ታኝኮ ከተዋጠ ግን ከባድ መርዝ ነው። አስተናግርም እንደዚያው። አበባው እንደ ጥሩንባ ነው፣ ፍሬው እሾሃም ነው፣ መርዝነቱ በተለይ ዘሩ ላይ ይበረታል። ልጅ ከነዚህ አንዱን አፉ ውስጥ ከጨመረ «ትንሽ እንየው» አትበሉ። ከአፉ አውጡ፣ የተክሉን ቁራጭ ያዙና በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ቁራጩን መያዛችሁ ለሐኪሙ ሥራ ያቀልለታል።

የውሃ በርሜል ክዳኑ ልጅ የማያነሣው ይሁን። የልብስ ማጠቢያ ባልዲ ደግሞ ተደፍቶ ይደር። የሁለት ዓመት ልጅ በጭንቅላቱ ከተደፋ ከባልዲ መውጣት አይችልም፤ አንድ ስንዝር ውሃ ይበቃዋል። የቆሻሻ ጉድጓድ ካላችሁ በእንጨትና በድንጋይ ሸፍኑት። የቆርቆሮ ጫፍ ካለ ወደ ውስጥ እጠፉት። የውጭ በሩ መቀርቀሪያ ከላይ ይሁን፣ ባጃጅ የልጅ ሩጫ አይጠብቅም።

አንድ ነገር ደግሞ እዚህ አገር ሳይነሣ አይታለፍም። በ2014 ጦርነቱ በደሴም፣ በኮምቦልቻም፣ በሰሜን ወሎም አልፏል። ከዚያ ወዲህ ለልጆቼ አንድ ሕግ አለ። የማያውቁት ብረት ጓሮም ላይ ይሁን ሜዳ ላይ አይነካም፣ አይረገጥም፣ በድንጋይ አይመታም። ባዩበት ቆመው ይጣራሉ። አዋቂም ቢሆን አያነሣውም፤ ሰው አርቆ ለፖሊስ ይነግራል። ይኼን ለልጅ ስትነግሩ አታስፈራሩ። ምድጃ እንደማይነካ እንደምትነግሩት አድርጋችሁ ንገሩት። ግን በየበዓሉ ድገሙት።

ዓርብ ከሰዓት፦ አደይ ለቀማ

የመጀመሪያው ሥራ አበባ መልቀም ነው። ትንሹም የሚችለው እሱን ነው። ግቢያችሁ ውስጥ አደይ ከሌለ ከአጥር ውጭ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ባሉት ሰፈሮች ዳገቱ ራሱ ቢጫ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ የየራሱ እቃ ስጡት፤ ትንሽ እንቅብ ወይም ጣሳ። አንድ እቃ ለሦስት ልጅ ከሰጣችሁ በዓሉ ሳይጀመር ጠብ ነው። ግንዱን በጥፍር ቀንጥሱ፣ ሥሩን አትንቀሉ በሏቸው። ለሚቀጥለው ዓመት ዘሩ መሬት ላይ መውደቅ አለበት።

እዚያው ሳላችሁ የመስቀል ወፍ ፈልጉ። ይኼ የእኔ ምርጥ ክፍል ነው። ሰው ሲጠፋ «እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ» እንላለን። ልጆቼም ወፏ ከሩቅ አገር የምትመጣ ይመስላቸው ነበር። እውነቱ ግን ወፏ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነው ያለችው። ወንዱ በክረምት የማግባቢያ ልብሱን ይለብሳል፤ ጥቁርና ቀይ፣ ወይም ጥቁርና ቢጫ ይሆናል። ወቅቱ ሲያልፍ ያወልቀውና እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል፣ ከድንቢጥ መሐል ማን ይለየው? ለትልቁ ይኼን ስነግረው ትንሽ አሰበና «እንደ እኛ የበዓል ልብስ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቡናማ ወፍ ባየ ቁጥር «ማን ያውቃል፣ ይቺም መስቀል ወፍ ትሆናለች» ይላል።

ወፍ ለማየት ዘዴው ቀላል ነው። ረጅም ሳር ወይም የማሽላና የበቆሎ ማሳ ያለበት ዳር ተቀመጡ። ወንዱ ራሱን ማሳየት ስለሚወድ አገዳ ጫፍ ላይ ይወጣል። ልጆቹ አምስት ደቂቃ ዝም ካሉ ይበቃል። ከዚያ በላይ አትጠብቁ፣ አይሆንም።

ቅዳሜ ጠዋት፦ ችቦና ደመራ

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፣ ምክንያቱም በዓሉን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም እሳቱ ነው።

መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ግቢያችሁ ደመራ ይችላል? ከቤት፣ ከአጥር፣ ከልብስ ማስጫ ገመድና ከመብራት ሽቦ በየአቅጣጫው ቢያንስ አሥር ሜትር ያህል ነፃ ቦታ ከሌለ ግቢ ውስጥ አትትከሉ። የሰፈሩን ደመራ ተመልከቱ፣ ቤት ችቦ ብቻ ይበቃችኋል። አያሳፍርም። ዘንድሮ የማይሆን ነገር ከርሞ በሌላ ግቢ ይሆናል።

ቦታው ካለ እንጨቱን ከእንቁጣጣሽ ማግስት ጀምሮ አድርቁት። የባሕር ዛፍ ጭራሮ እዚህ የትም አለ። ከክረምት የወጣ እንጨት እርጥብ ነው፤ ይጨሳል፣ ሲጋልም እየተንጣጣ ፍም ይወረውራል። በረንዳ ላይ ዘርግታችሁ ከዝናብ ከልሉት። ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ ፕላስቲክ፣ ጎማ አይገባበትም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መሐል ላይ ሁለት ስንዝር ጉድጓድ ቆፍሩ። ዋናውን እንጨት አቁሙና በድንጋይ አጥብቁ። ቁመቱ ከትልቁ ልጅ ቁመት አይብለጥ። «ይቺ ደግሞ ደመራ ትባላለች?» የሚል ዘመድ አይጠፋም፣ ተውት። ለሦስት ዓመት ልጅ ይኼም ተራራ ነው። ጫፉ ላይ አደዩን እሰሩ። ከዚያ ችቦዎቹን በዙሪያው እያስደገፋችሁ ደርድሩ። ችቦ ማሰር የልጆቹ ሥራ ነው። ቀጫጭን ጭራሮ እፍኝ ሙሉ ይዘው ሦስት ቦታ በልጥ ወይም በሲባጎ ያስሩታል። የስድስት ዓመቷ መቋጠር አልቻለችም ነበር። እኔ ጣቴን ቋጠሮው ላይ ሳደርግላት እሷ ትስባለች፣ ከአራተኛው በኋላ እጄን ገፍታ ብቻዋን ሠራች። የትንሹ ችቦ እሳት አይነካውም። እንጨቱ ላይ አደይ ታስሮለት የእሱ ችቦ ያ ነው። ስድስት ዓመት ላልሞላው ሁሉ እንዲህ አድርጉ፣ ማንም ቅር አይለውም።

አሁን የእኛ ቤት ዘዴ። ከደመራው አምስት ረጅም እርምጃ ለኩና በአመድ ክብ አስምሩ። ክቡ ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጡ። ድንጋዩን ራሱ ይምረጥ፣ በከሰል ምልክት ያድርግበት። እሳቱ ሲበራ ሁሉም በየድንጋዩ ላይ ይቆማል። «ራቅ በል!» እያላችሁ ስትጮኹ የማይሰማ ልጅ «ድንጋይህስ?» ሲባል ሮጦ ይመለሳል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ ይሠራል። ቅዳሜ ከሰዓት እሳት ሳይኖር አንድ ጊዜ ተለማመዱት።

ማታ 12 ሰዓት ገደማ ይበራል። የቤታችሁ ወግ ንጋት ላይ ከሆነ ንጋት ላይ፤ ትንሾቹ ግን በንጋት እንቅልፋም ስለሚሆኑ ይነጫነጫሉ። የሚለኩሰው አንድ አዋቂ ነው፣ ሌላ አዋቂ ደግሞ ልጆቹን ብቻ ያያል፤ በስልክ አይቀርጽም። ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ላምባ የሚባል አይቀርብም። ደረቅ ጭድ ይበቃል። ለኳሹ ነፋሱን በጀርባው አድርጎ ይለኩስና ወደኋላው ይመለስ። ሁለት ባልዲ ውሃና አንድ እርጥብ ኬሻ ቅርብ ይሁን። የናይለን ልብስ ያወልቁ፣ እሳት ሲነካው ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃል። የነጠላ ጫፍ ወደኋላ ይቋጠር። ልብሱ ላይ እሳት ቢያርፍ እንዳይሮጥ፣ መሬት ላይ እንዲንከባለል ለትልቁ አስቀድማችሁ አሳዩት።

ደመራው ወደየት እንደሚወድቅ ሽማግሌዎች አይተው የዓመቱን ነገር ይናገሩበታል። ልጆች ደግሞ ይወራረዱበታል። አሥር ሜትሩ በየአቅጣጫው ይሁን ያልኩት ለዚህ ነው። ዋናው እንጨት ተቃጥሎ ሲወድቅ ማንንም አያማክርም።

ቃጠሎ ከደረሰ ሩጫው ወደ ውሃ ነው። የተቃጠለውን ቦታ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ ያዙት። ቧንቧው ከሌለ በጆግ አፍስሱ። ቀለበትና አምባር ሳያብጥ አውልቁ። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ የቡና ዱቄት አይቀባም። የእኔ እናት ቅቤ ነው የምታውቀው፣ እኔንም ቀብታ አሳድጋኛለች፤ ስለዚህ ይኼን ሳስረዳት ሁለት በዓል ፈጅቶብኛል። ቃጠሎው ከልጁ መዳፍ ከበለጠ፣ ወይም ፊት፣ እጅ፣ መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ፣ ወይም ውሃ ከቋጠረ ጤና ተቋም ይታይ።

በማግሥቱ ሰው የሚዘነጋው አመዱን ነው። ጠዋት ላይ ግራጫና ቀዝቃዛ ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ፍሙ አለ። ልጅ በባዶ እግሩ ይገባበታል። ማታውኑ ውሃ አፍስሱበት፣ በእንጨት አገላብጡ፣ እንደገና አፍስሱ። ግንባር ላይ መስቀል የሚቀባበትን አመድ አስቀድማችሁ በቆርቆሮ ጣሳ አውጡና እስኪቀዘቅዝ ከልጅ እጅ አርቁት።

ምግቡ

የበዓሉ ወጥ የእናንተ ጉዳይ ነው፣ ልመክራችሁ አልችልም። የልጆቹን ድርሻ ግን ልንገራችሁ። እንጀራ ስትጋግሩ መጨረሻ ላይ የተረፈችውን ሊጥ ለእንጎቻ አስቀሩ፤ በልጆቹ ቁጥር። እያንዳንዱ እንጎቻ ባለቤት አለው፣ በስም ይወጣል። ከምጣዱ ግን ይራቁ፣ የሚቀበሉት በሰፌድ ነው። ለድፎ ዳቦው ኮባውን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል የመካከለኛዋ ሥራ ነው። አንዱን ቅጠል ለማጽዳት ሩብ ሰዓት ይፈጅባታል። አትቸኩሉ፣ ለዚያ ነው ከጠዋት የሚሰጣት።

የበቆሎ እሸት በመስከረም አለ። ውጭ፣ ከሰል ላይ ጥበሱላቸው። ልጆቹ ልጣጩን ይላጡ፣ ጸጉሩን ለአሻንጉሊት ፂም ያድርጉት። አራት ዓመት ላልሞላው ግን እሸቱን ፈልፍላችሁ፣ ደቆስ አድርጋችሁ ስጡት። ቆሎ፣ ሽምብራ፣ ኦቾሎኒና ፈንዲሻ ደግሞ ጨርሶ አይሰጠው። ያንቃል። ቡና ሲፈላ ፈንዲሻው ወለል ላይ ይበተናል፣ ትንሹም እንደ ዶሮ ይለቅማል። ስለዚህ ፈንዲሻውን ከፍ ያለ ቦታ በሳህን አድርጉ። ስለ ፈንዲሻ እንዲህ መጨነቄ ጎረቤቶቼን ያስቃቸዋል። ይሳቁ።

ቅዳሜ ማታ፦ ድንኳኑ

በዛፍና በመስኮት ብረት መሐል ገመድ ወጥሩ። ሸራ ወይም አሮጌ አንሶላ ጣሉበት፣ ጫፉን በድንጋይ ያዙት። ሥሩ ኬሻ፣ ከላዩ ሰሌን፣ ከሰሌኑ ላይ ጋቢ። ገመዱ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩበት፤ ሲሮጡ በአንገታቸው እንዳይገቡበት። ከእንቅልፍ በፊት ገመዱን ፍቱ።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ቀን ፀሐይዋ ብትጠብስም ማታ ትቀዘቅዛለች። ቀን አየሩ ቀዝቀዝ ስላለ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስላል፤ ከ5 እስከ 9 ሰዓት ኮፍያ ያድርጉ ወይም ጥላ ይያዙ። ማታ ደግሞ ካልሲና ሻሽ። ድንኳኑ ውስጥ «ትንሽ ይሙቃቸው» ተብሎ የከሰል ምድጃ አይገባም። ቤት ውስጥም ለመኝታ አይገባም። የከሰል መርዙ አይታይም፣ ሽታም የለውም፣ ተኝቶ የነበረ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። ይኼን አጥብቄ የምጽፈው ብርድ አገር ስለሆንን ነው።

እኛ እዚያ አናድርም። 3 ሰዓት ሲሆን አንድ በአንድ ተሸክመን እናስገባቸዋለን። እስከዚያ እንቆቅልሽ ነው። «እንቆቅልህ!» «ምን አውቅልህ!» «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?» «ወንዝ!» ያላወቀ «አገር ስጠኝ» ይባላል። ትልቁ አገር ሲሰጥ ሁልጊዜ ኮምቦልቻን ነው የሚሰጠው፤ ደሴን አይነካም። መብራት ከጠፋ እሰየው፣ ኮከቡ የሚታየው ያኔ ነው።

ኮምቦልቻ፣ ሐርቡ፣ ከሚሴ፣ መርሳ ወይም ቆቦ ከሆናችሁ ችግራችሁ ብርድ ሳይሆን ትንኝ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር የወባ ጊዜ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ እጅጌ ረጅም ልብስ ይልበሱ፣ የድንኳኑም ጨዋታ በጊዜ ይለቅ፣ መኝታው አጎበር ሥር ይሁን። በኋላ ትኩሳት ከመጣ የበዓል ድካም ነው ብላችሁ አትለፉት፣ አስመርምሩ። ቀስ ብሎ የሚሄድ ውሃ ውስጥም አይግቡ፣ ቢልሃርዚያ ሊኖርበት ይችላል።

ዝናብ ቢመጣስ?

ይመጣል። የክረምቱ ጅራት ገና አልተቆረጠም፣ በተለይ ከሰዓት ላይ። ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉም ቤት ይግባ፤ ባሕር ዛፍ ሥር መጠለል የለም፣ ድንኳኑ ውስጥም አይቻልም። ሲያባራ ግን አትከልክሏቸው፣ ጭቃው ለላም መሥሪያ ያን ጊዜ ነው የሚመቸው። የጭቃ ላም፣ የጭቃ ጀበና፣ የጭቃ ባጃጅ። ጫማ ይልበሱ፣ ሲጨርሱ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ የአንጀት ትል ከአፈር ነው የሚመጣው።

ነጩን የአገር ልብስ ጠዋት ካለበሳችሁ ጥፋቱ የእናንተ ነው። ለቤተ ክርስቲያንና ለደመራው ሰዓት ብቻ ይልበሱት፣ ከዚያ ይውለቅ።

እሁድ፦ ጎረቤትና ገበጣ

እሁድ ግቢውን ክፈቱት። የእኛ ግራና ቀኝ ጎረቤቶች ሙስሊሞች ናቸው፣ ለዓረፋ እኛ እንሄዳለን፣ ለመስቀል እነሱ ይመጣሉ። ወሎ ውስጥ ይኼ የሚወራ ነገር አይደለም፣ የሚደረግ ነገር ነው። ብቻ ሥጋው ለየብቻ ስለሆነ ልጆች አንድ ላይ የሚበሉበት ትሪ ሥጋ የሌለበት ይሁን። ዳቦ፣ እንጎቻ፣ ሽሮ፣ እሸት፣ ሙዝ። ልጅ ከማን ሳህን እንደሚያነሣ አይለይም፤ ወላጅ እየሮጠ እጅ ከሚይዝ ትሪው ራሱ ቢስተካከል ይሻላል። ቀሪቦም ከእነሱ ቤት ይመጣል፣ ልጆቹም አዋቂዎቹም ይጠጡታል።

ባለፈው ዓመት ደመራውን ስናቆም የቀኝ ጎረቤታችን ከአጥር ማዶ ብቅ አሉ። «እንዴ ልጄ፣ ይኼን ያህል እንጨት! የማንን ቤት ልታቃጥሉ ነው?» ስቀን ዝቅ አደረግነው። የቁመቱ ሕግ የመጣው ከሳቸው ነው።

ቡናውን ግድግዳ ጥግ አፍሉት፣ ልጅ በኋላችሁ እንዳያልፍ። ጀበናውና ፍሙ መሐል ግቢ ላይ ከተቀመጠ ኳስ ሳይመጣበት አይቀርም። ቄጠማ መጎዝጎዝ የትንሹ ሥራ ነው። ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ረጅም ስለሆነ ለትልልቆቹ ገበጣ ስጧቸው።

ገበጣ መግዛት አያስፈልግም። መሬቱ ከዝናብ በኋላ ለስላሳ ነው። በማንኪያ ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ ይቆፍሩ። በእያንዳንዱ አራት ጠጠር፣ በድምሩ 48። ጠጠሩን መልቀምና መቁጠር ብቻውን የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ተጫዋቹ ከራሱ ወገን አንዱን ጉድጓድ ያነሣና በየተራው አንድ አንድ እየጣለ ይዞራል። የመብላቱ ሕግ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል፤ አያት ካለ ይጠየቅ፣ ክርክሩም የጨዋታው አካል ነው። ትንሹ ጠጠር አይሰጠው፣ አፉ ውስጥ ይከትተዋል። ለእሱ በቡጢው ልክ የሆኑ ድንጋዮችና አንድ ባዶ ጣሳ ስጡት። እየሞላ ሲደፋ ይውላል።

ከዚያ ዘወር በሉ። ቡናችሁን ጠጡ። ቢጣሉም ደም እስካልፈሰሰ ይታረቃሉ።

እሁድ ማታ

እግራቸውን በሞቀ ውሃ እጠቡና በጣታቸው መሐል እሾህ ፈልጉ። አሸዋው፣ ገመዱ፣ ማንኪያው ይሰብሰብ። ድንጋዮቹን ግን አትጣሏቸው፤ ለከርሞ በረንዳ ሥር አስቀምጡ። ጭቃ የነካውን ነጭ ልብስ እርጥብ እያለ አትሹት፣ ይበልጥ ይገባል። ይድረቅ፣ ይራገፍ፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፍዘፍ።

ከመዘፍዘፋችሁ በፊት ኪስ ፈትሹ። ባለፈው ዓመት የገበጣውን ጠጠር ስንቆጥር 41 ብቻ ሆነ፣ ትልቁ እህቱን ሌባ ብሎ አኩርፎ ተኛ። ሰባቱም ከራሱ ሱሪ ኪስ ወጡ፤ ከግማሽ እንጎቻና በሕይወት ካለ አንድ ጢንዚዛ ጋር።